እናቴ ያላሸተተችው ጠላ

እናቴ ማሽተት ካቆመች ወራት አልፈው ነበር። እኛ ያወቅነው ግን አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ከተበላሸ በኋላ ነው። «እኛ» የምለው እኔንና ጠጪዎቿን ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው የለም።

መካነ ሰላም ውስጥ ጠላ የሚሸጥበት ቤት ሞልቷል። የእናቴን ቤት የሚለየው ስኳርም የሱቅ እርሾም የማይገባበት መሆኑ ነው። ገብስ፣ ብቅል፣ ጌሾ፣ ውኃ፤ በቃ። ሌሎቹ ቶሎ እንዲደርስላቸው ስኳር ይጨምሩበታል፤ እናቴ ደግሞ ስኳር ያለበት ጠላ ስትሰማ ሰው የሰደባት ይመስል ከንፈሯን ትነክሳለች። በገበያ ቀን ከአቀስታ በኩል እህል ጭነው የሚመጡት፣ መኪና የሚያራግፉት፣ ከቢሮ ሲወጡ ጎራ የሚሉት፣ ሁሉም ይሄን ፈልገው ነው የሚመጡት። እኔም ያደግሁት በዚሁ ጠላ ነው። ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ጋን የወጣ ነው።

እንዲህም ሆኖ ጠላ መጥመቅ አልችልም ነበር። እንዳልችል ተጠንቅቄ ነው ያደግሁት ብል ይሻላል። ጣሳ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ አተላ እደፋለሁ፤ ጋን ውስጥ ግን እጄን አላስገባም። ትምህርት ቤት «ዩኒፎርምሽ ጌሾ ጌሾ ይላል» እያሉ ይስቁብኝ ስለነበር፣ ሙያው ከልብስ አልፎ ቆዳዬ ውስጥ እንዳይገባ እፈራ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሳይሆን ሲቀር ቤት ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ «ነይ፣ ቦታ አለ» እያለች ትደውልልኛለች። ልብሴን አጣጥፌ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ መልሼ ያወጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

የተበላሸው ጠላ የቀረበ ዕለት ጠጪዎቹ ምንም አላሉም። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። አንዱ ጣሳውን ይዞ ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራል፤ አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይወጣል፣ አይመለስም። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር አሉ፤ እናቴ ጋሼ ነው የምትላቸው። ሁለተኛ ሳይጨምሩ ተነስተው የማያውቁት እሳቸው እንኳ «ዛሬ ሆዴን ነካ አድርጎኛል እንጂ ጠላሽስ ግሩም ነው» ብለው ኮፍያቸውን አነሱ። ጣሳ ልሰበስብ ስገባ ሁሉም ከግማሽ በላይ እንደ ሞላ ነው። አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ሸቷል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጠላው። ሳይሰጣ የከረመ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚሸተው።»

ጣሳውን ተቀብላኝ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። ብዙ ቆየች። ከፊቷ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ቀመሰችው ደግሞ፤ አሁንም ምንም። ከዚያ ጣሳውን መሬት አስቀምጣ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አለች።

ምላሷ መምረርና መጎምዘዝን ይለያል፤ ከዚያ በላይ አይነግራትም። ጠላ ደግሞ ሁሉም ጎምዘዝ ይላል፤ የቱ ጋ ሲደርስ እንደተበላሸ ድሮ የሚነግራት አፍንጫዋ ነበር። ያለ እሱ በልምድ ስትጠምቅ ከርማለች፤ አንዱ ደህና ወጥቷል፣ ሌላው ደህና ወጥቷል፣ ይሄኛው አልወጣም። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጣሳውን ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው። እኔም መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጠላ ሻጭ አፍንጫዋ መሞቱን ካወራች ሾፌር ዓይኔ አያይም ብሎ እንደ ማወጅ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አሏት። ለዚህማ ምን አስኬደኝ ብላ እየተነጫነጨች ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ መጥመቅ አቆመች። ሰው ሲመጣ «አልደረሰም» እያለች ትመልሳለች፤ መጀመሪያ ላይ ያምኗት ነበር፣ ቆይቶ መምጣቱንም ተዉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋኖቹ አፋቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። ገበያ ላይ አንዲት ሴት ጋኖቹን ልግዛሽ እንዳለቻትና ልትሰጣት እንዳሰበች ነገረችኝ። ከዚያ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ «ከዚያ በፊት ግን አንድ ትንሽ ነገር እንሞክር፤ በአንቺ እጅና በአንቺ አፍንጫ። ከወጣ እቀጥላለሁ። ካልወጣ ሴትየዋ ትውሰዳቸው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ያን ሌሊት ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። ጠላው ካልወጣ እናቴ እጇን አጣጥፋ መቅረቷ ነው፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም። ከወጣ ደግሞ እኔ የእናቴ አፍንጫ ሆኜ እዚህ መቅረቴ ነው። እንዳይወጣ የተመኘሁበት ሰዓት አልነበረም ብል ዋሸሁ።

በብቅሉ ጀመርን። ገብሱን ነክረን፣ በጉሎ ቅጠል ሸፍነን ድንጋይ ጫንበት። ሲበቅል ነጭ ጺም አውጥቶ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ተገኘ። ፈልፍለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ እኔ ዶሮ ስጠብቅ ዋልኩ። ኅዳር ስለነበር ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ፣ ፀሐዩም እስኪሞቅ ያዘግማል። አመሻሽ ላይ እናቴ እፍኝ አንስታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ምን ይሸታል?»

«ብቅል።»

«አሥራ ሁለተኛ ድረስ ያስተማርኩሽ ብቅል ብቅል ይሸታል እንድትዪኝ ነው? እሱንማ ዶሮዋም ታውቀዋለች።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምን ምን እንደሚል ነዋ።»

እንደገና አሸተትኩ። ሽታን ለመናገር ያለኝ ቃል በጣም ትንሽ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ጥሩ፣ መጥፎ፣ የሚገማ፤ ከዚህ አላልፍም። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ፣ ፈለግሁና፣ ዝናብ የነካው የጭድ ክምር ላዩ ደርቆ ውስጡ ሲገለጥ የሚወጣው ዓይነት ነው አልኳት። እናቴም ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው «አልደረቀም ማለት ነው። ነገም ይዋል» አለች። ገረመኝ። በኔ አፍ አሸተተች።

በማግስቱ ደግሞ የተቆላ ነገር ቅርፊት ሽታ አለው አልኳት፤ ደረቀ ብላ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ከዚያ ወዲያ እየሮጥኩ የምነግራት ሆነ። ጌሾው ሲወቀጥ አፍንጫ ውስጥ ይኮረኩራል። ገብሱ ሲቆላ መጀመሪያ ቆሎ ነው፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ጭስ። እሷ እየሰማች «እዚያ ጋ አቁሚ» ትላለች። ዓይነ ስውር እንደ መምራት ነበር፤ ልዩነቱ መሪዋ የማታየዋ መሆኗ ነው።

ስህተቱ የመጣው በዕቃ ነው። ጋኖቹ ለዚያች ትንሽ ጥንስስ ሰፊ ስለሆኑ እናቴ ትንሿን እንስራ እንዳጥብና ጌሾውን እንድዘፈዝፍ ነግራኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ማድ ቤት ገባሁ። ትንንሽ እንስራ ሁለት ነው። አንዷ በሩ አጠገብ ናት፤ አንገቷ የተሸረፈ፣ ቅራሪ የሚቀመጥባት፣ አፏ ላይ ስጠጋ የከረመ አተላ የምትሸት። ሌላዋ ከመደርደሪያው ላይ በነጠላ ቁራጭ ተሸፍናለች። አሸተትኳት። ምንም የላትም፤ ንጹሕ ሸክላ። አፍንጫ ሁኚ ተብዬ የለ? ንጹሕ የሸተተኝን መረጥኩ። በግራዋ ቅጠል ፈትጌ አጠብኳት፣ በወይራ አጠንኳት፣ ጌሾውን ከውኃ ጋር ጨመርኩባት፣ አፏን ከድኜ እናቴን ጠበቅሁ። ሥራዬን ወድጄው ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ማድ ቤት ገባች። እንስራዋን አየች። መደርደሪያውን አየች።

«ይቺ የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

ያኔ አወቅሁ። ማወቅማ ድሮም አውቀው ነበር፤ አስቤው አልነበረም እንጂ።

ጎረቤታችን ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ሴት ናቸው። አጥራችን አንድ ነው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። እናቴ ወደዚህ ሰፈር ስትመጣ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ያቺን እንስራ ከገበያ ገዝተው አምጥተው «በዚች ቀሪቦ እያደረግሽ አስቀምጪልኝ፤ ጌሾ አይንካት፤ ያኔ ቤትሽ ገብቼ እጠጣለሁ» ብለው ሰጧት። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ የማያሰክር መጠጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋሲካም ሲሆን፣ ለቅሶም ሲሆን፣ ከእትዬ ጋር የሚመጡት ሁሉ እኛ ቤት ሳይሳቀቁ የሚጠጡት ከዚያች እንስራ ነው። ሸክላ ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል፤ አንዴ ጌሾ የገባባትን እንስራ ግራዋም አያነጻት ወይራም። የሰፈሩ ግማሽ ቤታችን የሚገባባትን ዕቃ ነው ያበላሸሁት።

እናቴ አልጮኸችብኝም። ጥንስሱን ልድፋው አልኳት፤ መድፋቱ ዕቃዋን አይመልሳትም አለችኝ። ከዚያ «ሂጂና አንቺው ንገሪያቸው» አለች። እኔ አፏ እንዳመጣላት ትናገራለች እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ያን ዕለት ከኛ በር እስከ እትዬ በር ድረስ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም።

እትዬ በረንዳቸው ላይ ጨርቅ ያጣጥፋሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ሳላሳጥርም ሳላሳምርም፤ ሽታ የሌላት እሷ ስለሆነች መረጥኳት አልኳቸው። እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። ለአፍታ ፊታቸው ከበደኝ።

«ለናትሽ ስሰጣት እኔም እንዳንቺ ልጅ ነበርኩ» አሉ። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ጨርቁን ማጠፍ ቀጠሉ። ጨርሰው ሲያበቁ ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ እናትሽ ልትጠምቅ ነው?»

ልትጠምቅ አይደለም፤ የምጠምቀው እኔ ነኝ አልኳቸው። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። እናቴ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ ነበር፤ አመለጠኝ። እትዬ ግን አልደነገጡም።

«ያለፈው ጠላ ተበላሽቶ ነበር አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«በአጥሩ ነዋ። እኔ እዚህ ቤት ስኖር ስንት ዘመኔ ነው? ጠላችሁን ቀምሼው አላውቅም፤ አልቀምሰውምም። ግን የሚደርስበትን ቀን ከናትሽ እኩል አውቀዋለሁ። ሽታ እንደሁ አጥር አያግደው፤ ሳልጠራው ነው የሚመጣብኝ። ያን ሰሞን የመጣው ሌላ ነበር። ወላሂ ነው የምልሽ፣ ልነግራት በሩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«ለምን ተመለሱ?»

«እንዴት ብዬ ልበላት? የማልጠጣውን ነገር፣ ለኔ ሐራም የሆነውን ነገር፣ ጠላሽ ተበላሽቷል ብዬ ሰው ቤት ልግባ? ምን አገባት አትለኝም?»

ይሄን መንገድ ላይም ሆኜ፣ ቤት ገብቼም፣ አሁንም አስበዋለሁ። ጠጪዎቹ ላለማስቀየም ብለው ዝም አሉ። እትዬ ነገሩ የሳቸው ስላልሆነ ዝም አሉ። እናቴ አፍራ ዝም አለች። ሁሉም እናቴን ይወዷታል፤ ሁሉም በየራሱ ምክንያት ዝም ብሎ ጋን ሙሉ ጠላ ሲበላሽ አየ። እኔ ብቻ ተናገርኩ፤ ያውም አሳቢ ስለሆንኩ ሳይሆን አፌን መዝጋት ስለማልችል ነው።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። የእትዬን ስነግራት በእጇ አፏን ያዘች፤ መሳቋ ይሁን ማፈሯ አልገባኝም። ወዲያው ወደ አጥሩ ሄደች። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ሁለቱ በቆርቆሮው ግራና ቀኝ ቆመው ሲያወሩ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቆይቶ እየሳቁ። በሚቀጥለው ገበያ አብረው ወጥተው አዲስ እንስራ መርጠው ተመለሱ። በመዳፋቸው እያንኳኩ ድምጿን ሰምተው ነው የገዙት። ያችኛዋን፣ አሮጌዋን፣ እትዬ «አሁን የናንተ ናት» ብለው ተዉልን። አዲሷ በነጠላ ቁራጭ ተሸፍና መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። እንድነካት አልተፈቀደልኝም።

ጥንስሱን ቀጠልነው። ብቅሉን ጨመርኩ፣ ቂጣውን አሳርሬ ቆራርሼ ከተትኩ። ከዚያ እንኩሮ መጣ፤ የተቆላውን የገብስ ዱቄት በውኃ አርሶ ምጣድ ላይ እንደ ፍርፋሪ እስኪሆን ማመስ ነው። ክንድ ይገነጥላል። ጭሱ ዓይን ያወጣል። ትንሽ ዕረፍት ልውሰድ ብዬ እጄን ሳቆም እናቴ ከውጭ «ድምፁ ጠፋ» ትላለች። አፍንጫዋ ሲሞት ጆሮዋ ሁለት እጥፍ ሆኗል። እንኩሮው ቀዝቅዞ ሲገባበትና ከድነን ስናስቀምጠው ጆሮዋን እንስራዋ ሆድ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። እኔንም አስደመጠችኝ። ውስጡ የሆነ ነገር ሲፍለቀለቅ ይሰማል፤ ሕፃን በእንቅልፍ ልቡ ከንፈሩን የሚመጠምጥ ነው የሚመስለው።

በዚህ መሐል ፍርሃቴ በረታ። ያ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ የመጣ በመሰለኝ ቁጥር፣ ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን እከታለሁ። ጌሾ ከመበላሸት ይጠብቃል ስትል ሰምቻታለሁ። ስለዚህ የጌሾውን እንጨት ስጨምር እሷ ካለችኝ ላይ አንድ እፍኝ ደረብኩበት፤ ለዋስትና። አልነገርኳትም።

እትዬ ጠዋት ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ በኩል ይቆማሉ። ገብተው አያዩም፣ እንስራዋ አጠገብ አይደርሱም። እዚያው ሆነው «ገና ነው» ይላሉ፤ ወይም «ትናንት ጥሩ ነበር፣ ዛሬ ደንገጥ አለ፤ ብርድ ነው መሰል፣ ጆንያ ደርቡበት» ይላሉ። ደረብንበት። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ልብሱን ገመድ ላይ እያሰጡ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «አላህ ይቅር ይበለኝና ዛሬ ደርሷል» አሉ። እኔም አሽትቼ ነበር፤ እንደዚያው ሸቶኝ ነበር፤ ግን እሳቸው እስኪሉት አላመንኩም ነበር።

እናቴ አጥልላ በጣሳ ሰጠችኝ። ከኔ ፊት ቆመች። ኮምቦልቻ በአንድ ቃል ርቀት ላይ ነበረች። ተበላሽቷል ብላት የምታረጋግጥበት አንድም ነገር የላትም፤ አፍንጫዋ እኔ ነኝ። ጋኖቹ ይሸጣሉ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ ማንም አያውቅም። አንድ ጉንጭ አፌ ውስጥ ያዝኩት። ቆሎ አለበት፣ ጭስ አለበት፣ ወይራ አለበት። ከዚያ መራራው መጣና ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ።

«ጌሾው በዝቷል። እኔ ነኝ ያበዛሁት» አልኳት። «ግን ጠላ ነው።»

«አልሸተተም?»

«አልሸተተም።»

«አንቺ ትጠጪዋለሽ?»

«እኔ ጠላ አልወድም እማዬ፤ ታውቂያለሽ።»

«ብትወጂ ኖሮስ?»

«ተማርሬም ቢሆን እጨርሰው ነበር።»

ፊቷን አጥብቃ አየችኝ። መዋሸት እንደማልችል ታውቃለች፤ ግን ያን ዕለት ልዋሻት እችል እንደነበር የገባት ይመስለኛል። ጣሳውን ከእጄ ወስዳ አጠበችው።

ጋሼን በመንገድ ሲያልፉ ጠራቻቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እናቴ ጣሳውን ሞልታ አመጣችና ሳትሰጣቸው እጇ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እውነቱን ካልነገሩኝ ከዚህ ቤት ሁለተኛ አይቀዳልዎትም።»

«ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«ያለፈው ጊዜ ጠላዬ ተበላሽቶ ሆዴን አሉኝ። እኔ አፍንጫዬ አይሠራም። ከክረምት ወዲህ ምንም አይሸተኝም። እርስዎ ካልነገሩኝ ማን ይንገረኝ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እንግዲህ ሰው ቤት ገብቶ፣ ተቀድቶለት፣ ምን ይባላል ታዲያ?»

«ሸቷል ይባላል። ይቺ ልጄ ብላለች።»

«የልጅሽ አፍማ መጋዝ ነው» አሉና ሳቁ። ጣሳውን ተቀበሏት። ጠጡ። ጺማቸውን ጠረጉ። ከዚያ ንስሐ አባታቸው ፊት የቆሙ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይመራል» አሉ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠላ ስትሸጥ ፊት ለፊቷ እንዲህ ያለ ቃል የነገራት ሰው አልነበረም። የምትከፋ መስሎኝ ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እንደ ሐኪም ነበር የምትጠይቃቸው፤ የቱ ጋ ነው የሚመረው፣ ሲገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ፣ ይቆያል ወይስ ይሄዳል? እሳቸውም ቀስ በቀስ አፋቸው ተፈታ። ከገባ በኋላ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይቀመጣል፤ ገብሱ ግን ልክ ነው፣ ጭሱም ልክ ነው። ተናግረው ሲጨርሱ ባዶውን ጣሳ ዘረጉላት። ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።

ሴትየዋ ጋኖቹን ልትወስድ ስትመጣ እናቴ ከበር መለሰቻት። እኔን ደግሞ ማታ ራት ስንበላ፣ ለጓደኛሽ ደውዪላት አለችኝ። ማን ያሸትልሻል አልኳት። አጥር አለ፣ ጠጪ አለ፣ ጆሮ አለኝ አለች። የተቆጣች መስላ ነው የተናገረችው። ደወልኩ፤ ከሁለተኛው ጥንስስ በኋላ እመጣለሁ አልኩ። ጓደኛዬ አንቺና ጥንስስ ደግሞ ምን አገናኛችሁ ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለተኛው በትልቁ ጋን ነበር፤ ጌሾውን እሷ ራሷ ለካችው። የደረሰው ለገበያ ቀን ነው። ጋሼ ወሬውን ነዝተውት ኖሮ የቀሩት ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ ቤቱ ሞላ። ከማሻ በኩል የመጣ፣ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ነጋዴም ገባ። ጅራፉን በሩ ሥር አስቀምጦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እኔ የታጠበ ጣሳ ደርድሬ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አሁን ትጠራኛለች፣ ነይ ቅመሺው ትለኛለች ብዬ አፍንጫዬን አዘጋጅቻለሁ።

እናቴ ለሰውዬው ቀዳችና ጣሳውን ሰጥታ እዚያው ቆመች። ድሮ ሰጥታ ነበር የምትሄደው።

«ወንድሜ፣ እኔ ማሽተት አልችልም» አለችው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ጥሩ ካልሆነ እዚሁ ንገረኝ፤ አትፈር።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ማንም አልሳቀም። ጣሳውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ አሰበ። ከዚያ እጁን እያወዛወዘ ያስረዳት ጀመር፤ ምን እንደሚላት ከቆምኩበት አይሰማኝም። እሷ ፊቱን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትጠይቃለች፣ ደግሞ ትነቀንቃለች። ቀጥሎ ወዳለው ሰው አለፈች። ከሱም ወደሚቀጥለው።

እኔን አልጠራችኝም።